ምጣዴን ለጠገነችው ልጅ ምስጋናዬ ይድረሳት

የጎንደር ልጆች፣ በተለይ እንደ እኔ በእንጀራ የምትተዳደሩ እህቶቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ይህን ለመጻፍ ከጥምቀት ጀምሮ ሳስብ ነው የቆየሁት። ምስጋና ሲዘገይ ደስ አይልም፤ ዛሬ ልጆቹ ሲተኙልኝ ቁጭ አልኩ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ቸቸላ አካባቢ እንጀራ እየጋገርኩ ለምግብ ቤቶችና ለደጋሾች አስረክባለሁ። በሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ልጅ አሳድጌበታለሁ። የጥርን ነገር ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። ሰርጉም በጥር ነው፣ ጥምቀቱም በጥር ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ከመውረዳቸው በፊት ከተማው በእንግዳ ይሞላል፣ የመጣው ሁሉ ደግሞ እንጀራ ይበላል። ዘንድሮ ከአንድ ቤት ብቻ 300 እንጀራ ታዝዤ ነበር፣ ለከተራ ዋዜማ፣ ጥር 9 ማታ እንዲደርስ።

ጥር 8 ሌሊት ተነስቼ ሊጡን ከፈት አደረግሁት። የደምቢያ ጤፍ ነው፤ አብሲቱ ተጥሎለት ኩፍ ብሎ ደርሷል። ምጣዱን ሰካሁ፣ ማሰሻውን አነሳሁ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ቀና ስል ሶኬቱ ይጨሳል። ወዲያው ቤቱ ጨለመ። በስልክ መብራት ሳየው ሶኬቱ እንደ ሰም ቀልጦ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል። ሁለቱም ምጣዶች የሚሠሩት በዚያ አንድ መስመር ነበር። የደረሰ ሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፤ ቢውል ይኮመጥጣል፣ ቢያድር ለማንም የሚሰጥ አይሆንም።

ያንን ምጣድ ከሁለት ወር በፊት ሽቦው ተበጥሶ አንድ ሰው ጠግኖልኝ ነበር። ደወልኩለት። «ከበዓል በኋላ» አለኝ። ጎረቤቴን ቀሰቀስኳትና የሌላ ባለሙያ ስልክ ሰጠችኝ። «ሴት ናት፣ ግን ሞክሪያት» አለችኝ። ያን «ግን» ዛሬ ሳስበው አዝናለሁ፤ በዚያች ሰዓት እኔም በልቤ ያልኩት ያንኑ ነበርና።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው የደወልኩት። አነሳች። ምጣዱ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ተጠግኖ ያውቅ እንደሆነ፣ ሊጡ ደርሶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሊጡን መጠየቋ ገረመኝ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ባጃጅ በራፌ ቆመ፤ አንዲት ቀጭን ልጅ የመሣሪያ ሻንጣዋን በአንድ እጇ፣ ምጣድ በሌላው አቅፋ ወረደች። «ሊጡ ደርሷል ስላሉኝ የራሴን ምጣድ ይዤልዎት መጣሁ፣ እትዬ» አለችኝ። እዚያው በራፍ ላይ እንባዬ መጣ።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ቆጣሪው ነው። ብሬከሩን አጠፋች፣ በቴስተር ደጋግማ አረጋገጠች፣ ያመጣችውን ምጣድ በጊዜያዊ ገመድ ከማከፋፈያው ላይ በቀጥታ አገናኘችልኝ። 2 ሰዓት ሳይሞላ አክንባሎ ከድኜ እጋግር ነበር። ከዚያ የተበላሸውን ምጣድ ገለበጠችና ጀሶውን በትዕግሥት መፋቅ ጀመረች። ሽቦው ሁለት ቦታ ተበጥሶ፣ የተቃጠለው ተቆርጦ ተጥሎ፣ የቀረው ጫፍ ለጫፍ ተጠምዝዞ ተቀጥሏል።

መለኪያዋን አስጠጋችና ከሻንጣዋ ደብተር አውጥታ በእርሳስ አሰላችልኝ። የኔ ምጣድ ሽቦ 10.5 ኦም ነው የሚያነበው፤ ደህናው ወደ 13 ነው። ኦም ማለት ሽቦው መብራቱን የሚገታበት ልክ ነው። 220 ቮልት ለ10.5 ሲካፈል 21 አምፒር ይሆናል፤ ምጣዱ ከመስመሩ የሚስበው የመብራት ልክ ማለት ነው። ከዚያ የቀለጠውን ሶኬት ከግድግዳው ላቅቃ «ያንብቡት» ብላ ሰጠችኝ። 16 አምፒር ይላል፤ ከዚያ በላይ አይችልም ማለት ነው። «ሽቦው ሲያጥር እሳቱ ይበረታል፣ እትዬ። ሰው ምጣዱ የተሻለው ይመስለዋል። ከመስመሩ የሚስበው ግን አብሮ ይጨምራል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ ጥገና በኋላ ምጣዱ ቶሎ ይግል ነበር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አንዱ በኩል እያረረ ሌላው በኩል ዓይን ሳያወጣ መቅረቱን ግን የሊጡ ጥፋት ነው እያልኩ ስለፋ ነው የከረምኩት።

እህቶቼ፣ ይህችን ልብ በሉልኝ፦ ደህናው ምጣድም ቢሆን ወደ 17 አምፒር ይስባል። ቀኑን ሙሉ የሚጋግር ምጣድ በተራ ሶኬት መሰካት የለበትም። ለእያንዳንዱ ምጣድ 4 ሚሊ ካሬ ገመድና የየራሱ 25 አምፒር ብሬከር አደረገችለት። ቆጣሪዬ ሦስት ፌዝ ስለሆነ፣ ማለትም መብራቱ በሦስት መስመር ስለሚገባ፣ ሁለቱን በተለያየ ፌዝ ለየቻቸው። የብረት እግራቸውንም ከመሬት ገመድ ጋር አያያዘችው፣ ብረቱን መብራት ቢነካው ወደ መሬት እንዲወርድ፤ እጃችን ሁልጊዜ ሊጥና ውሃ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን የመሬት ገመድ የሚባል ነገር ቤቴ እንደሌለ እንኳ አላውቅም ነበር።

ሱቆች ሲከፈቱ አራዳ ወርዳ ዕቃውን ገዝታ መጣች። ከሰጠኋት ገንዘብ የተረፈውን 340 ብር ከደረሰኙ ጋር አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። 6 ሰዓት ሲሆን ሁለተኛው ምጣዴ በራሱ መስመር ይሠራል። ለተበላሸው አዲስ ሽቦ ጠመጠመችለትና ጀሶ መረገችው፤ ከበዓል በፊት እንዳልነካው ግን አጥብቃ ከለከለችኝ። ጀሶው ሳይደርቅ እሳት ካየ ይሰነጠቃል። «በእኔ ምጣድ ይጨርሱ፣ ከጥምቀት በኋላ እወስደዋለሁ» አለች። 300ው እንጀራ ጥር 9 ማታ በሰዓቱ ደረሰ።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ እንኳ አመሰግናት ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሳልጠራት መጣች። «ብሎኖቹን ላጥብቅልዎት ነው» አለች። ገመዱ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ብሎኑ ቀስ በቀስ ይላላል፣ የላላ ቦታ ይግላል፣ የጋለ ቦታ ይቀልጣል። አሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ገንዘብ ሰጠኋት፣ አልቀበልም አለች። «ይሄ የዚያን ቀን ሥራ ነው፣ ዛሬ ነው ያለቀው» አለችኝ። እኔ ስንት ባለሙያ ቤቴ ገብቶ ወጥቷል፣ ሥራዬ አላለቀም ብሎ የተመለሰ አላየሁም።

ቡና አፍልቼላት ስትቀመጥ ስለራሷ ጠየቅኳት። ከገጠር መጥታ እዚሁ ከተማ ቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪክ ተምራ ተመረቀች። ሥራ የሚሰጣት ግን ጠፋ፤ ሴት ጣሪያ ላይ ስትወጣ ማየት የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ውስጥ በጽዳት ተቀጠረች። እየጠረገች የሚገባ የሚወጣውን ዕቃ ስምና ልክ ያዘች። ማታ ማታ ከቆራሌ የሞተ ምጣድ በርካሽ እየገዛች ታፈርሰዋለች፣ ትጠመጥመዋለች፣ ትለካዋለች። ቤቴ ያመጣችው ምጣድ ከነዚያ አንዱ ነው።

ያ ደብተሯስ! አሳየችኝ። ከመጀመሪያ ሥራዋ ጀምሮ ያለው ሁሉ ተጽፏል፦ ቀኑ፣ ሰፈሩ፣ ምን እንደተቀየረ፣ መለኪያው ስንት እንዳነበበ፣ ተመልሳ የምታይበት ቀን። ተመልሳ ያየችው በቀይ ምልክት ተደርጎበታል። ቀይ የሌለበት መስመር ፈለግሁ፣ ገና ቀናቸው ያልደረሰ ሦስት ብቻ አገኘሁ። ፒያሳ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ምጣድ አስጠግኗት ሳለ ይህንኑ ደብተር አይቶ የሕንጻውን የመብራት ሥራ በሙሉ እንደሰጣት ነገረችኝ። በእሱ ሌሎች ሁለት መጡ። ዛሬ የንግድ ፈቃድ አውጥታ የራሷ ሱቅ አላት፣ ሁለት ሠራተኛ ቀጥራለች፣ አንዷ ገና አሁን የተመረቀች ልጅ ናት።

ሰፈር ውስጥ «ዕድሏ ነው፣ ሰው አገኘች» የሚሉ ሰምቻለሁ። በዚህ አልስማማም። ያ ሰውዬ ደብተሩን ባያይ ምን ይሰጣት ነበር? ደብተሩን ደግሞ ማንም አላዘዛትም፤ የሚቆጣጠራት በሌለበት፣ ለመቶ ብር ሥራ ሳይቀር ነው የጻፈችው። እናቴ ነፍሷን ይማረውና «ሙያ በልብ ነው» ትል ነበር፤ ለወጥና ለጠላ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ልጄ፣ ይህን ካነበብሽው እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እጅሽን ይባርከው፣ ከክፉ ነገር ይጠብቅሽ። በዚያ ጠዋት ያዳንሽው ሊጥ ብቻ አይደለም፤ ያ ቤት ደንበኛዬ ሆኖ ቀርቷል፣ ለሚያዝያ ሰርጋቸውም አዘውኛል።

ስሟንና ስልኳን እንዲህ በአደባባይ መጻፍ አልወደድኩም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። አዘዞ ድረስም ትሄዳለች። እሁድና በዓል አትሠራም። ዋጋዋን ሥራ ከመጀመሯ በፊት በወረቀት ጽፋ ትሰጣችኋለች፣ ስለዚህ አትከራከሯት። ስትደውሉላት የምጣዱን ዕድሜና ከዚህ በፊት ተጠግኖ እንደሆነ አውቃችሁ ቆዩ፣ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።