የበዓሉን በግ ቆዳ ቤት ውስጥ ማልፋት፦ ሸብ፣ አንጎልና ቅቤ፣ የግራር ልጣጭ ወይስ ያለቀለት አጎዛ?

ድሮ በበዓል ማግስት «ቆዳ አለ?» የሚለው ድምፅ በጉ ተበልቶ ሳያልቅ በር ላይ ይደርስ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዋጋው ስለወደቀ መንገድ ዳር ተጥሎ ውሻ ሲጎትተው ማየት ተለምዷል። እኔም «ከሚጣልስ አጎዛ ላድርገው» ብዬ ጀመርኩ። እስካሁን ሰባት ቆዳ ሞክሬያለሁ፤ ሦስቱ አጎዛ ሆኑ፣ ሁለቱ ጣውላ፣ የቀሩት ሁለቱ ከጎረቤት ሳያጣሉኝ ገንዳ ገቡ።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «በምን ነከርከው?» ብሎ ነው። የሚነከርበት ነገር ግን ቆዳው እንዳይበሰብስ ያደርጋል እንጂ ብቻውን አያለሰልሰውም። የሚያለሰልሰው እየደረቀ ሳለ መታሸቱ ነው። ውኃው ሲወጣ የቆዳው ክሮች እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ያን ሰዓት እያላቀቁ ካላደረቁት ሸብም ቅቤም አያድነውም። ስለዚህ መንገዶቹን ሳወዳድር የማየው ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ክንድ ምን ያህል እንደሚያደክምና በኋላ ውኃ ሲነካው ምን እንደሚሆን ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ የመጀመሪያው ግዢ ጨው ነው። የአንድ መካከለኛ በግ እርጥብ ቆዳ ሁለት ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ የክብደቱን ግማሽ ያህል ደቃቅ ጨው ያዙለት። ሥጋና ስቡን ፍቃችሁ፣ በታረደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሥጋውን ወገን እስከ ጠርዙ ድረስ በጨው ማሸት ነው። አንድ ፋሲካ እንግዳ በዝቶብኝ ቆዳውን በፌስታል ቋጥሬ አሳደርኩት። በማግስቱ ጨው ላደርግበት ስፈታው ፀጉሩ በእፍኝ በእፍኝ እየተነቀለ እጄ ላይ ቀረ። እዚህ ከደረሰ የሚመልሰው ነገር የለም።

ቆዳውንም ምረጡ። ራሱ የሞተ እንስሳ ቆዳ በነጻ ቢሰጧችሁም አትንኩት፤ አባሰንጋ ከቆዳና ከፀጉር ወደ ሰው ይተላለፋል። እከክ የነበረበት በግ ደግሞ በጥሬው ደህና መስሎ ከለፋ በኋላ ጉብ ጉብ ያለ ጠባሳ ያወጣል። ለመቀመጫና ለመኝታ የመንዝ በግን የሚያህል የለም፣ ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የአፋርን በግ የመሳሰሉት ፀጉራቸው አጭር ስለሆነ ያምራሉ እንጂ አያሞቁም።

ሸብ

ለጀማሪ የምመክረው ይሄንን ነው። ለብብት የምንጠቀምበት፣ እንደ በረዶ የጠራው ድንጋይ ማለቴ ነው። ለ6 ሊትር ውኃ 450 ግራም የተወቀጠ ሸብና 225 ግራም ጨው ይበቃል። ሸቡን በሙቅ ውኃ ታሟሙታላችሁ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ትንሽ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ እያማሰላችሁ ጠብ ጠብ ታደርጉበታላችሁ። በአንዴ ከደፋችሁት አረፋው ይገነፍላል፣ ሸቡም ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ታች ይቀራል። ዕቃው የፕላስቲክ ባልዲ ይሁን፤ የብረት ዕቃ አይሆንም። ጨው የበላው ቆዳ ታጥቦ፣ ከሥሩ ያለው ስስ ሽፋን ተገፎ ከ3 እስከ 5 ቀን ይነከራል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይገላበጣል። መድረሱን ለማወቅ አንገቱ ጋ፣ ወፍራም በሆነበት ቦታ፣ ከጠርዙ በጣም ቀጭን ቁራጭ ቁረጡና እዩ። እስከ ውስጥ ድረስ ወጥ ነጭ ከሆነ አልፎበታል፤ መሃሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ መስመር ከቀረ ገና ነው።

ከዚያ ታጥቦና ተጨምቆ፣ ገና እርጥብ ሳለ የሥጋው ወገን ዘይት ይቀባል። እኔ የእንቁላል አስኳል ለብ ካለ ዘይት ጋር መትቼ እቀባዋለሁ። አስኳል ዘይትንና ውኃን ስለሚያዋህድ ቅባቱ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ድሮ የአውሮፓ ጓንት ሠሪዎችም ቆዳ የሚያለፉት በሸብ፣ በጨው፣ በዱቄትና በአስኳል ነበር። የተልባ ዘይት ብቻ አይሁን፣ ሲደርቅ እንደ ቫርኒሽ ይጠነክራል።

አሁን ሥራው ጀመረ። ቆዳውን ጥላ ላይ ትሰቅሉና ትጠብቃላችሁ። ጠርዙ መንጣት ሲጀምር፣ መሃሉን ጉንጫችሁ ላይ ስታስነኩት ግን ገና ሲቀዘቅዝ ሰዓቱ ደርሷል። እጠፉና ቆንጠጥ አድርጉት፤ እጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ከወጣ ክሮቹ እየተላቀቁ ነው። በወንበር ጀርባ ላይ ወዲያና ወዲህ መጎተት፣ በሁለት ሰው መወጠር፣ ትንሽ አሳርፎ እንደገና መጎተት። ቀኑን ሙሉ ነው፤ ከመሃል ጥሎ ገበያ የሄደ ሰው ሲመለስ ጣውላ ያገኛል። እንደዚያ ከሆነ ግን አትጣሉት፣ በእርጥብ ጨርቅ አለስልሳችሁ እንደገና መጀመር ይቻላል። ማጠናቀቂያው ተረከዝ የምንፈገፍግበት ድንጋይ ነው። የሥጋው ወገን በእሱ ሲታሽ እንደ ከፈይ ይሆናል። ለዚህ ተብሎ ከሚሸጥ መሣሪያ ሁሉ ይሄ ድንጋይ ይበልጥብኛል።

የሸብ ጉድለቱ ውኃ ነው። በደንብ ከራሰ ሸቡ ታጥቦ ይወጣል፣ ቆዳው ወደ ጥሬነቱ ተመልሶ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሕፃን የሚተኛበት አልጋ ላይ ልታነጥፉት ካሰባችሁ ሌላ መንገድ ፈልጉ።

አንጎልና ቅቤ፣ ጭስም

ርካሹ ይሄ ነው፤ ከበጉ ጭንቅላት ይወጣል። አንጎሉን ለብ ባለ ውኃ አልሞ ቆዳውን ደጋግሞ ማጠጣት፣ መጭመቅ፣ ማሸት። ቅባቱ እንደ አስኳል ከውኃ ጋር የተዋሃደ ስለሆነ ከሁሉም ለስላሳውን ቆዳ የሚሰጠው እሱ ነው፤ የክንዱ ድካም ግን ከሸቡ እጥፍ ነው። በገጠር ጠቅልለው በእግር የሚረግጡት ለዚህ ይመስለኛል፣ እግር ከክንድ ይሻላል። ኮንሶ ላይ ቆዳ የሚያለፉ ሴቶች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ከድንጋይ በተጠረበ መፋቂያ ይሠሩ ነበር፤ ሲፍቁ ያየ ሰው የእኔን ሰባት ቆዳ ይስቅበታል።

የለፋውን መልሶ የሚያደድረው ውኃ ሲሆን፣ ያንን የሚከላከለው ጭስ ነው። የወተት ዕቃ እንደምናጥነው፣ ቆዳውን ነበልባል በሌለው ጭስ ላይ ለሰዓታት ማቆየት። በጭስ የታጠነ ቆዳ ከራሰ በኋላም ሲደርቅ ብዙ አይጠነክርም። ቀለሙ ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ ሽታውም ይቆያል፤ ኮንዶሚኒየም ላይ ለሚኖር ሰው አይሆንም።

ቅቤ ብቻውን ቀብተው የሚተዉ አሉ። ለጊዜው ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይሻግታል፣ አይጥም ይጠራል። በገጠር ለማልፋት የሚጠቀሙበት የእምቧይ ፍሬ ደግሞ መርዛማ ስለሆነ ልጅ ያለበት ቤት አልመክረውም።

የግራር ልጣጭ

ትዕግሥት ላለው። ከተቀቀለው ልጣጭ የሚወጣው ታኒን የሚባል ንጥረ ነገር ቆዳውን ያቀላዋል፣ ያደነድነዋል፣ ውኃም ይችላል። መጀመሪያ ቀጭን፣ ከዚያ በየጥቂት ቀኑ ወፈር ያለ ውኃ ነው የሚጨመርለት፤ ገና በጠዋቱ ወፍራም ውስጥ ከገባ ላዩ ተቆልፎ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። የበግ ቆዳ ሳምንታት ይፈልጋል። ለቀበቶና ለቦርሳ ግሩም ነው፤ ፀጉሩ ግን ቀለም ስለሚይዝ ነጭ አጎዛ የፈለገ አይነካካው። ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ክሮም የሚባል ኬሚካል ከሁሉም ውኃ ቢችልም ፍሳሹን የት ትደፉታላችሁ? ለቤት አይሆንም።

ያለቀለት መግዛት

ጊዜ ከሌላችሁ ከሁሉም ይሄ ይረክሳል፣ የአንድ ሙሉ ቀን ጉልበት ዋጋ አለውና። ችግሩ አንዳንዱ አጎዛ ጨው በልቶ የደረቀና የተፋቀ እንጂ ያልለፋ መሆኑ ነው። ሻጩ ፊት ፀጉሩን በሁለት ጣት ይዛችሁ ሳብ አድርጉ፤ ተነቅሎ ከመጣ ተዉት። የሥጋውን ወገን ወደ ውጭ እጠፉት፤ ቋ የሚል ድምፅ ካሰማ ወይም እጥፋቱ ላይ ከተሰነጠቀ አልታሸም። ከዚያ አውራ ጣታችሁን በውኃ አርሳችሁ ጥጉን ደጋግማችሁ እሹ። የለፋ ቆዳ እርጥብ ሆኖም ብርሃን አያሳልፍም፤ ጥሬው ግን የሚያሟልጭና እንደ ላስቲክ የሚያሳልፍ ይሆናል። ሻጩ «ምን እያደረግህ ነው?» ካለ ንገሩት፣ የሚያውቀው ሰው አይከፋውም።