ባለ 108 ፍሬው የመፍቻ ሳጥን ከዘጠኝ ወር ሥራ በኋላ

መርካቶ ሶማሌ ተራም ይሁን ሰፈር ውስጥ ያለ የመለዋወጫ ሱቅ፣ መደርደሪያው ላይ አንድ የፕላስቲክ ሳጥን አይጠፋም። ክዳኑ ላይ በትልቁ «108»፣ ከሥሩ «ክሮም ቫናዲየም» ተብሎ ተጽፏል። ሰውም የሚገዛው ቁጥሩን አይቶ ነው። እዚህ የሚገመገመው እንዲህ ያለ ሳጥን ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ በተሠሩ አንድ ቪትዝና አንድ ኮሮላ ላይ ሠርቷል፦ ዘይት ቅየራ፣ ካንዴላ፣ የፊት ፍሬን ሸራ፣ ባትሪ፣ የዲናሞ ቺንጋ፣ ጎማ ማፈራረቅ። የአምራቹ ስም ተትቷል፤ አንዱ ዓይነት ሳጥን በተለያየ ስም ስለሚሸጥ ስሙ ብዙም አይነግርም። ዋጋም አልተጻፈም። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዛሬ ዋጋ በሚቀጥለው ወር ለሚገዛ ሰው አይጠቅመውም።

ሲከፈት ውስጡ ያለው ይህ ነው። 45ቱ ቡሶላ (ብሎን ራስ ላይ የሚገባ ክብ መፍቻ) ነው፤ ከነሱ ሁለቱ የካንዴላ ናቸው፣ 16 እና 21 ሚሊሜትር። 48ቱ የካቻቢቴ፣ የአለንና የኮከብ ጫፎች ናቸው። ቀሪው ሁለት ራቼት፣ ማለትም ቡሶላ የሚሰካበት በጥርስ የሚዞር እጀታ (ግማሽ ኢንችና ሩብ ኢንች፤ ልኩ ቡሶላው የሚሰካበት የአራት ማዕዘን ጫፍ ስፋት ነው)፣ አራት ማራዘሚያ፣ ሁለት ክሮቼራ (ተጣጣፊ መጋጠሚያ)፣ ቲ እጀታ፣ የካቻቢቴ እጀታ፣ አንድ ማገናኛ፣ አንድ የጫፍ መያዣና ሦስት የአለን ቁልፍ ነው። ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ጫፍ ነው ማለት ነው። በዘጠኝ ወር ከ48ቱ ሥራ ያገኙት አምስት አይሞሉም፤ የቀሩት ዘይታቸው እንኳ አልደረቀም።

በነዚህ ቶዮታዎች ላይ እጅ ደጋግሞ የሚያነሳው 8፣ 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ 19 እና 21 ነው። 10 የባትሪ ተርሚናልና የካንዴላ ኮይል፤ 12 እና 14 የዲናሞ ብሎኖች፤ 14 ደግሞ የኮፓው ዘይት ማፍሰሻ፤ 17 የፍሬን ካሊፐር መያዣ፤ 21 ጎማ። 13፣ 16 እና 18 ፎልክስዋገን ላለው ሰው ይጠቅማሉ፣ እዚህ ግን ቦታቸውን አልለቀቁም። 30 ቁጥሩ የፊት አክስል ዳዶ ላይ ልክ ይገባል፤ ያ ዳዶ ግን ከ200 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ) በላይ የሚጠብቅ ስለሆነ በሳጥኑ ራቼት መሞከር ራቼቱን መጣል ነው።

ቡሶላዎቹ ራሳቸው ከሚጠበቀው በላይ ቆይተዋል። ባለ 6 ጠርዝ ስለሆኑ የብሎኑን ጎን ይይዛሉ እንጂ ጥጉን አይበሉም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። አገር ቤት የሚዞር መኪና ብሎን አብዛኛው ከዚህ በፊት በሦስት አራት ሰው እጅ ያለፈና ጥጉ የተላጠ ነው፤ ባለ 12 ጠርዝ ቡሶላ እንዲህ ያለ ብሎን ላይ ተንሸራቶ ይጨርሰዋል። ከ45ቱ የተበላሸው አንድ ብቻ ነው፣ የሩብ ኢንቹ 10። አፉ ሰፍቶ ብሎን ላይ ይዋልላል። ብዙ ስለሠራ ብቻ አይደለም፤ ግድግዳው ከሌሎቹ የሳሳ ነበር፣ አፉን ወደ ብርሃን አድርጎ ላየው ሰው በአንድ ወገን መሳሳቱ ከመጀመሪያው ይታያል።

ደካማው ነገር ራቼቱ ነው። ግማሽ ኢንቹ ባለ 24 ጥርስ ነው፤ አንድ ጥርስ ለማለፍ እጀታው 15 ዲግሪ መዞር አለበት። ኮፈኖ ሥር፣ ዲናሞ አጠገብ፣ እጀታው ከ10 ዲግሪ በላይ የማይዞርበት ቦታ ብዙ ስለሆነ ራቼቱ እዚያ ከተራ መፍቻ አይሻልም። ባለ 72 ጥርስ ቢሆን 5 ዲግሪ ይበቃው ነበር። በአራተኛው ወር ደግሞ ጥርስ መዝለል ጀመረ፤ ጭነት ሲሰማው «ቀጭ» ብሎ ያልፋል፣ ጣትም ከብረት ጋር ይጋጫል። ምክንያቱ ሁለት ነበር። የመጀመሪያው ጎማ ለመፍታት እጀታው ላይ ቱቦ መሰካቱ ነው። ሁለተኛው ውስጡ ያለው ከፋብሪካ የመጣ ወፍራም ግራሶ አቧራ ሰብስቦ መጠጠሩ ነው፤ ጥርሱን የሚይዘው ምላስ እስከ ሥሩ ሳይገባ ጫፉ ላይ ብቻ ይንጠለጠላል። ሁለተኛውን ማስተካከል ቀላል ነው፦ የጀርባውን ሁለት ቪት ፈትቶ፣ ስፕሪንጓና ኳሷ እንዳይበሩ በጨርቅ ላይ አድርጎ፣ ሁሉንም በቤንዚን አጥቦ፣ በሁለት ጠብታ የሞተር ዘይት መልሶ መግጠም። ግራሶ መልሶ መሙላት ያንኑ ችግር ይመልሳል። በቱቦ የተሰበረውን የጥርስ ጫፍ ግን ምንም አይመልሰውም፤ ራቼቱ ከታጠበ በኋላ የሚያገለግለው ለቀላል ሥራ ብቻ ነው።

ከዚህ የባሰው ጉድለት ግን ሳጥኑ ውስጥ ያልገባው ነገር ነው፦ የሦስት ስምንተኛ ኢንች ራቼትና ቡሶላ። ሳጥኑ ከሩብ ወደ ግማሽ ይዘላል። የጉዳቱን መጠን በሒሳብ ማየት ይቻላል። ባለ 10 ራስ ብሎን (የ6 ሚሊሜትር ዘንግ) የሚፈልገው ወደ 10 ኒውተን ሜትር ነው። የግማሽ ኢንቹ ራቼት 25 ሳንቲሜትር ይረዝማል፤ ጫፉን በ4 ኪሎ ጉልበት መሳብ ብቻ ይበቃል። ሰው ሳያስበው የሚስበው ግን 20 ኪሎ ነው፣ ማለትም ወደ 50 ኒውተን ሜትር። የሞተሩ የላይኛው ክዳን ላይ ያሉት ትናንሽ ብሎኖች እንዲህ ነው የሚቆረጡት፤ የተቆረጠ ብሎን ከአሉሚኒየም ማውጣት ደግሞ ከሳጥኑ ዋጋ በላይ ያስወጣል። በተቃራኒው ሩብ ኢንቹን 14 ብሎን ላይ ማስጨነቅ ራቼቱን ይበላል። በቤት ውስጥ ጥገና አብዛኛው ሥራ፣ ከ12 እስከ 17 ያለው፣ የሦስት ስምንተኛ ሥራ ነው። በዚህ ግምገማ እምነት ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ፣ ከባለ 108ቱ ይልቅ 20 ቡሶላ ያለው ባለ 72 ጥርስ የሦስት ስምንተኛ ሳጥን መግዛት ይሻላል። ክዳኑ ላይ ያለው ቁጥር ያንሳል፣ የሚሠራው ይበልጣል።

ሌላው ጉድለት የሚታየው ጎማ በተነፈሰበት ቀን ነው። ረጃጅሞቹ የግማሽ ኢንች ቡሶላዎች 14፣ 15፣ 17፣ 19 እና 22 ናቸው። የቶዮታ ጎማ ዳዶ 21 ነው። ሳጥኑ ውስጥ ረጅም 21 አለ፣ ግን የካንዴላ ነው፤ ግድግዳው ስስ ሆኖ ውስጡ ላስቲክ አለው። ላስቲኩ ዳዶው እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ይከለክላል፤ በጫፍ የተያዘ ዳዶ ደግሞ ይላጣል። አጭሩ 21 ይሠራል፣ ሪሙ ጥልቅ ከሆነ ግን ራቼቱ ሪሙን ይነካል፤ 125 ሚሊሜትሩን ማራዘሚያ ማስገባት ግድ ነው፤ ይህ ደግሞ ጉልበቱን ጠምዝዞ ቡሶላውን ከዳዶው ላይ ያዘነብለዋል። መፍትሔው ለብቻው የሚሸጥ ግድግዳው ወፍራም ረጅም 21 እና ከ45 እስከ 60 ሳንቲሜትር የሚረዝም ራቼት የሌለው እጀታ ነው። መፍታት በዚያ፣ ራቼት ከላላ በኋላ ብቻ።

ካንዴላ ላይ አንድ ነገር ይደጋገማል። የኮሮላው ካንዴላ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ 16 ቁጥሩ ከ250 ሚሊሜትሩ ማራዘሚያ ጋር ይገባል። አዲሱ ካንዴላ ከጠበቀ በኋላ ማራዘሚያው ሲሳብ ላስቲኩ ካንዴላውን አልለቅም ብሎ፣ ቡሶላው ከማራዘሚያው ተላቆ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። የማራዘሚያዋ ኳስ ስፕሪንግ ከላስቲኩ ይደክማልና ነው። ከመጀመሪያው መጋጠሚያው ላይ የኤሌክትሪክ ቴፕ ሦስት ዙር መጠቅለል ይበቃል። ካንዴላውን መጀመሪያ በእጅ፣ ያለ ራቼት፣ ማራዘሚያዋን በጣት ይዞ ማስገባት ነው፤ በሁለት ዙር ውስጥ ከከበደ ጥርሱ ተዛብቷል፣ መልሶ ማውጣት። ሥሩ ሲነካ አዲስ ራንዴላ ያለው ካንዴላ ከዚያ በኋላ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ብቻ ይጨመርለታል። ኮሮላው በፈረንጆቹ ከ2008 ወዲህ ወጥቶ 2ዜድአር ሞተር ካለው ደግሞ ካንዴላው 14 ነው፤ የሳጥኑ ሁለቱም የካንዴላ ቡሶላዎች አይሆኑም።

ከጫፎቹ ውስጥ ባለ መስቀሉ ሁለት ቁጥር ቶሎ ይበላል፤ ብዙ ሰው ብረቱ ርካሽ ስለሆነ ይመስለዋል። ጥፋቱ የብረቱ ብቻ አይደለም። የጃፓን መኪና ቪት መስቀሉ ከተለመደው የሾለ መስቀል የተለየ ነው፣ ጥልቀቱ ያንሳል። የሳጥኑ ጫፍ ሹሉ ቀድሞ ወለሉን ይነካና ጎኖቹ ሳይያዙ ይቀራሉ፤ ሲጠመዘዝ ወጥቶ ይሸሻል፣ ቪቱንም ጫፉንም ይልጣል። ራሱ ላይ ትንሽ ነጥብ ያለበት ቪት ካጋጠመ የጃፓኑ ነው። የዚያ ካቻቢቴ ከሌለ ያለውን ጫፍ በሞረድ ትንሽ ማሳጠር ይሠራል።

ሳጥኑ የሌሉትና ያለነሱ ሥራ የማይጀመርባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። ከ8 እስከ 19 አንድ ጫፉ ክፍት ሌላው ዝግ የሆነ መፍቻ፣ ምክንያቱም ብሎኑን ከላይ ዳዶውን ከታች መያዝ በሁለት ቡሶላ ሁልጊዜ አይቻልም። ፒንሳ። የዘይት ፊልትሮ ኮፍያ፣ ለነዚህ ሞተሮች 65 ሚሊሜትር ባለ 14 ጠርዝ። ቴስተር። የፍሬን ቱቦ ለሚነካ ሰው ደግሞ የቱቦ ዳዶ መፍቻ፤ ያ ዳዶ 10 ነው፣ ለስላሳ ነው፣ በተራ ክፍት መፍቻ አንዴ ከተላጠ ቱቦው ራሱ ይቀየራል።

ክሪክና ካቫሌቶ (የተነሳ መኪና ከሥር የሚደግፍ የብረት እግር) ግን እንደ ተጨማሪ መቆጠር የለባቸውም። ከመኪናው ጋር የመጣው ክሪክ ጎማ ለመቀየሪያ ነው። በሱ ብቻ የቆመ መኪና ሥር፣ ዘይት ለማፍሰስ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን፣ አይገባም። ሁለት ካቫሌቶ ከሳጥኑ በፊት ይገዛል። ካቫሌቶው ጠንካራ ወለል ላይ ነው የሚቆመው፤ ኮረት ወይም የክረምት ጭቃ ከሆነ ከሥሩ ወፍራም ጣውላ።

ቶርክ ሬንችም፣ ማለትም የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካው መፍቻ፣ አብሮ አይመጣም። ከ28 እስከ 210 ኒውተን ሜትር የሚለካ አንድ የግማሽ ኢንች ቶርክ ሬንች ሁለት ዋና ሥራዎችን ይሸፍናል፦ የጎማ ዳዶ 103፣ የዘይት ማፍሰሻ ብሎን ወደ 38። ለባለ 10 ራስ ብሎኖች ግን አይሆንም፣ መለኪያው ከዚያ በላይ ነው የሚጀምረው። ብሎን አይፈታበትም። ሥራ ሲያልቅ ወደ ዝቅተኛው ቁጥር ይመለሳል፤ ስፕሪንጉ ተጨንቆ ከከረመ መለኪያው ይዛባል።

ሱቅ ውስጥ ሳጥኑን ሳያስከፍቱ መግዛት አይገባም። ባለ 10 ራስ ያለው ብሎን ከመኪናው ፈትቶ ኪስ ውስጥ ይዞ መሄድ ነው፤ በሁለቱም 10 ቡሶላ ውስጥ አስገብቶ ማወዛወዝ። ትንሽ መንቀሳቀስ አይጎዳም፣ ብሎኑ ዘንበል ማለት ከቻለ ግን ያ ቡሶላ ነገ ብሎን ይልጣል። ቀጥሎ አፉን ወደ መብራት አድርጎ የግድግዳውን ውፍረት ዙሪያውን ማስተያየት። ራቼቱን ጆሮ አስጠግቶ ቀስ ብሎ ማዞር፤ የጥርሱ ድምፅ እኩል መሆን አለበት። «ክሮም ቫናዲየም» የሚለው ማህተም ግን ምንም አያረጋግጥም፣ በማንኛውም ብረት ላይ ይታተማል። ጊዜ ያለው ሰው ምናለሽ ተራ ውስጥ ያገለገለ የጃፓን ወይም የጀርመን መፍቻ በተናጠል ቢፈልግ፣ ከላይ የተጠቀሱትን ሰባት ቁጥሮች ብቻ፣ ከአዲሱ ሳጥን የተሻለ ይዞ ሊመለስ ይችላል።

ሳጥኑ ራሱ፣ ፕላስቲኩ፣ በስድስተኛው ወር አንድ ማጠፊያው ተሰብሯል። ቡሶላዎቹ በቦታቸው የሚያዙት በፕላስቲኩ ጥብቀት ብቻ ስለሆነ ተገልብጦ የተከፈተ ቀን 45ቱም ይፈሳሉ። ክረምት ላይ መኪና ውስጥ ሲያድር ክሮሙ በተላጠበት ሁሉ ዝገት ይዟል፤ ከሥራ በኋላ ዘይት በነካ ጨርቅ መጥረግ ያስቀረዋል።

ከውጭ የሚገባው አዲስ መኪና ኤሌክትሪክ እየሆነ ስለመጣ አንድ ቃል፦ በዚያ መኪና ላይ ይህ ሳጥን ለጎማ፣ ለ12 ቮልት ባትሪና ለውስጥ አየር ፊልትሮ ይሆናል። ብርቱካናማ ሽፋን ያለው ሽቦ የሚሄድበት ቦታ ሁሉ ግን አይነካም፤ በዚያ ሽቦ ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ይገድላል። ያው የ12 ቮልቱ ባትሪም ቢሆን በቤንዚን መኪናው ደንብ ነው፦ ኔጋቲቩ ቀድሞ ይፈታል፣ በመጨረሻ ይታሰራል፤ አለዚያ ፖዘቲቩ ላይ ያለ መፍቻ ቦዲውን ሲነካ ብልጭ ይላል።