ስሜን አይጻፉ ብላኛለች፤ ምስጋናውን ግን አልተውም

ዛሬ ስለ አንዲት ማህበራዊ ሠራተኛ ልጻፍ። ስሟን ልጥራ ብዬ ብለምናት፣ ብለምናት «እባክዎ ይተዉኝ፣ ሥራዬን ነው የሠራሁት» ብላ እምቢ አለችኝ። እሺ፣ ስሙ ይቅር። ሥራዋን እንዳላወራ ግን ማንም አይከለክለኝም።

የምትሠራበት በጎ አድራጎት ድርጅት ወላጅ ያጡና አቅም ከሌለው ቤት የመጡ ልጆችን ያስተምራል። እንደ እኔ ያለው ሰው በየወሩ የሚችለውን ይሰጣል። እነሱ የትምህርት ቤት ክፍያውን፣ ዩኒፎርሙን፣ ደብተሩን፣ ሲያስፈልግም ሕክምናውን ይሸፍናሉ። ስፖንሰር ማድረግ የሚባለው ይኸው ነው። ነገሩ ዛሬ የመጣ አይደለም። ፕላን ኢንተርናሽናል የሚባለው የሕፃናት ድርጅት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1937 በዚሁ መንገድ ነው፤ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ለተጎዱ ሕፃናት፣ አንድ ሰው አንድ ልጅ እየያዘ። ሐሳቡ ዛሬም ያው ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው በሰጪውና በልጁ መሀል የሚቆመው ሰው ነው። እኔ ሁለቱንም ዓይነት አይቻለሁ።

መጀመሪያ መራራውን ልንገራችሁ። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ነበርኩ። የት እንደሆነ አልናገርም፤ ስም ማጥፋት አልፈልግም። ግን ያንን ካልተነፈስኩ የምስጋናዬ ልክ አይገባችሁም።

እዚያ የተሰጠኝ አንድ ወንድ ልጅ ነበር። እንባ ያቀረሩ ዓይኖቹን ከቅርብ ያነሱበት ፎቶም አብሮ መጣልኝ። ከዚያ ደብዳቤ ይመጣ ጀመር። «ውድ ስፖንሰሬ፣ በጣም ደህና ነኝ፣ ትምህርቴን በርትቼ እየተማርኩ ነው።» የመጀመሪያውን ሳነብ አለቀስኩ። ቀጣዩም ያው። ከዚያ የመጣውም ቃል በቃል ያው። ልጁ ዓመት አልፎ ዓመት ሲመጣ አራተኛ ክፍል ነው፤ ውጤቱም ሁልጊዜ «እጅግ በጣም ጥሩ» ነው። እጅግ በጣም ጥሩ የሚያመጣ ልጅ ለምን ክፍል አያልፍም ብዬ ጻፍኩላቸው። መልሱ «ስለ ልግስናዎ ከልብ እናመሰግናለን» የሚል ነበር።

በሚቀጥለው ሪፖርት ላይ ደግሞ ልጄ መሀል ላይ ሲደርስ ሴት ሆኖ ቁጭ አለ። «እሷም ወደፊት ሐኪም መሆን ትመኛለች» ይላል። ደወልኩ። የጽሁፍ ስህተት ነው አሉኝ። በስልክ ላናግረው ስል አሠራሩ አይፈቅድም። የሪፖርት ካርዱን ኮፒ ላኩልኝ ስል የሚመለከተው ሰው የለም። የሚመለከተው ሰው መቼም አልተገኘም። ለልደት ስጦታ፣ ለልዩ መዋጮ፣ ለአስቸኳይ ድጋፍ የሚደውል ሰው ግን ጠፍቶ አያውቅም!

የኔ ብቻ ቅሬታ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 የቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጠኞች ልክ እንደኛ ስፖንሰር ሆነው ተመዘገቡና ልጆቹን ፍለጋ ሄዱ። ካገኟቸው ታሪኮች አንዱ ሞታ የቆየች ልጅ ናት፤ ድርጅቱ በስሟ ገንዘብ መቀበሉን አላቆመም ነበር። ይህን ሳነብ ውኃ ሆንኩ። የኔ ልጅስ? በእርግጥ ነበረ? አለ? እስከ ዛሬ አላውቅም። ገንዘቡ አይደለም የሚያንገበግበኝ። አለማወቄ ነው።

ተውኩት። ሁለተኛ አልገባበትም አልኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ግን «እስቲ ይህቺን ሴት አናግራት» እያለ ነዘነዘኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ጥያቄዬን ሁሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ነው የሄድኩት። ለመፋጠጥ።

ወረቀቱን ከኪሴ ሳላወጣው ጀመረች። «መጀመሪያ አንድ ነገር ይወቁ» አለችኝ። «የሚከፍሉት ገንዘብ ተቆጥሮ ለአንድ ልጅ ብቻ አይሄድም። የሁሉም ስፖንሰር መዋጮ አንድ ላይ ሆኖ ለልጆቹ ሁሉ ይውላል። ይህ ካልተስማማዎት ሳይጀምሩ ቢቀር ይሻላል።» ብዙ ትልልቅ ድርጅቶችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። እሷ ግን በደቃቅ ፊደል የሚጻፈውን ነገር ፊት ለፊቴ፣ ከሁሉ አስቀድማ ነገረችኝ። ከዚያ ስለ ኦዲትና ስለ አስተዳደር ወጪ ረጅም ማብራሪያ ቀጠለች። እውነቱን ለመናገር ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ይህን አሳይኝ ያልኳትን ወረቀት ሁሉ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ መደርደሯ ነው። የሚመለከተው ሰው እሷው ራሷ ነበረች።

እሷ ያገናኘችኝ ልጅ እናቱን አጥቶ ከአያቱ ጋር ይኖራል። ማሳደጊያ አይገባም ወይ አልኳት። «ለምን ይገባል? ቤት አለው፣ የሚወዱት አያት አሉት። የጎደለው የትምህርት ወጪው ነው» አለችኝ። ዩኒሴፍ ወላጅ አልባ ብሎ የሚቆጥረው አንዱን ወላጁን ያጣውንም ጭምር ነው። ከእነዚህ ልጆች የሚበዙት እናት ወይም አባት በሕይወት አላቸው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው መመሪያም ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመነጠል ምክንያት መሆን የለበትም ይላል። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ከእሷ ነው።

ፎቶስ አልኳት። «ጠይቄው ነበር። አልፈልግም አለ» አለችኝ። አከተመ። አልተቆጣችውም፣ አላባበለችውም። የሕፃናት መብት ኮንቬንሽን ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ላይ ሐሳቡ እንዲሰማ ይደነግጋል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀ ነው። ይህን ከወረቀት አውጥቶ ሲሠራበት ያየሁት ያን ቀን ነው።

ለምን ይህን ያህል ልቤን እንደነካው ልንገራችሁ። እኔም አባቴን ያጣሁት ልጅ ሆኜ ነው። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ስማችን ተጠርቶ እንወጣ ነበር፤ አባት የሌለን። ደብተር ይሰጡናል፣ ደብተሩን ደረታችን ላይ አስይዘው ፎቶ ያነሱናል። ተማሪው በሙሉ ያየናል። ደብተሩ ጠቅሞኛል፣ አልክድም። ግን ዳር ዳሩን ቀድጄ ማህተሙን አጠፋው ነበር። እሷ ዕቃውን ለአሳዳጊ ነው የምታስረክበው፤ በሰልፍ ላይ አይደለም፣ ካሜራም የለም። ልጁ ዩኒፎርሙን ለብሶ ሲመጣ ማን እንደገዛለት የክፍል ጓደኞቹ አያውቁም። ስለዚህ ፎቶ የለኝም። ደስ ብሎኝ ነው የሌለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ ቀን ደወለችልኝ። «መጥፎ ዜና አለኝ፤ ልጁ ከትምህርት እየቀረ ነው» አለችኝ። በድሮው ቦታ መጥፎ ዜና የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ነገር ዓመቱን ሙሉ እጅግ በጣም ጥሩ ነው። እሷ ግን ሪፖርት እስኪደርስ አልጠበቀችም።

ትምህርት ቤቱ የነገራት «ደጋግሞ ይቀራል» ብቻ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ልጁን ጠርቶ ይመክር ነበር፣ ወይ ያስፈራራ ነበር። እሷ የስም መጥሪያውን አሳዩኝ አለች። በስሙ ትይዩ በጣቷ እየተከተለች አየችው። የቀረባቸው ቀናት ሁሉ ሐሙስ ናቸው። ሰኞ የለም፣ ማክሰኞ የለም። ሐሙስ፣ ሐሙስ፣ ሐሙስ። የክፍሉ አስተማሪ እንኳ ልብ አላሉትም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ቤቱ ሄደች። በር ላይ ተገናኙ። ልጁ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ የአያቱን እጅ ይዞ እየወጣ ነው፤ በሌላው እጁ የክሊኒክ ካርዳቸውን በፌስታል አንጠልጥሏል። ሐሙስ የአያቱ ቀጠሮ ነው ለካ። ዓይናቸው ደክሟል፣ ብቻቸውን መንገድ አይሻገሩም። ዩኒፎርሙን የሚለብሰው ምናልባት ቶሎ ከጨረሱ የከሰዓቱን ክፍል እደርሳለሁ ብሎ ነው። ለማንም ያልተናገረው ደግሞ «አያትህ ሊያሳድጉህ አይችሉም ብለው ይወስዱኛል» ብሎ ፈርቶ ነው። ይህን ስትነግረኝ ጉሮሮዬ ተናነቀኝ።

አልወቀሰችውም። አብራቸው ሄደች። ክሊኒኩ ውስጥ ከማን ጋር ምን እንደተነጋገረች አላውቅም፤ ብቻ ቀጠሮው ወደ ቅዳሜ ተዛወረ። ለልጁም ማንም እንደማይወስደው አያቱ ፊት ነገረችው። አለቀ። አንድ ሳንቲም አልወጣበትም። የትምህርት ቤት ክፍያው እኮ ተከፍሎ ነበር! እኔ እጥፍ ብከፍልም ያ ልጅ ሐሙስ ሐሙስ መቅረቱን አይተውም ነበር።

አሁን ደብዳቤ ይጽፍልኛል። ስርዝ ድልዝ የበዛበት የራሱ የእጅ ጽሁፍ ነው። የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ሒሳብ ከብዶኛል። አስተማሪው ይፈጥናሉ። ኳስ ላይ በረኛ አድርገውኛል ግን አልፈለኩም ነበር። አያቴ ሰላም ብለዎታል።» ደህና ነኝ የምትል ቃል የለችበትም። እንደዚህ ደስ ያለኝ ደብዳቤ ግን የለም።

ወገኖች፣ አንድ ጊዜ ስለተቃጠላችሁ ብቻ በሩን አትዝጉት። ነገሩ በደንብ ከተያዘ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢኮኖሚስቱ ብሩስ ዋይዲክና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት አለ። በ6 አገሮች፣ ኮምፓሽን በሚባለው ድርጅት በኩል ስፖንሰር ተደርገው ያደጉ ሰዎችን ተመልክተው፣ ስፖንሰር ካልተደረጉት በአማካይ ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ገደማ የበለጠ እንደተማሩ አግኝተዋል። ለአንድ ልጅ ይህ ትንሽ አይደለም።

ግን ጠይቁ። ገንዘቡ ለአንድ ልጅ ነው ወይስ በጋራ? ልጁ ሲቀር ማን ያውቃል? እኔ ማቆም ቢኖርብኝ ልጁ ምን ይሆናል? ለመጨረሻው ጥያቄ እሷ የሰጠችኝ መልስ «ሌላ ሰው እስኪገኝ ከጋራው ይሸፈናል፣ ልጁም ወሬውን አይሰማም» የሚል ነበር። ሲጠየቅ የሚከፋው ድርጅት ካጋጠማችሁ ቶሎ ውጡ።

አንቺ ደግሞ እህቴ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እንደምትቆጪኝም አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ሺህ ጊዜ አመሰግናለሁ።

ስፖንሰር መሆን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ ቀጥታ ከእሷ ጋር አገናኛችኋለሁ። ተራ የሚጠብቁ ልጆች አሉ፣ በተለይ ሁለተኛ ደረጃ የሚገቡ። ገንዘብ የሌላችሁም ጻፉ፤ ሒሳብ የሚያስጠና በጎ ፈቃደኛ እየፈለጉ ነው። ለኔው በረኛም ጭምር።