ናኖኢሜጀር፦ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ሱፐር ሪዞሉሽን ማይክሮስኮፕ

ተራ የብርሃን ማይክሮስኮፕ ከ200 እስከ 250 ናኖሜትር ተቀራርበው ያሉ ሁለት ነጥቦችን መለየት ያቅተዋል። ናኖኢሜጀር ብልጭ ድርግም የሚሉ ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ እየቀረጸ ወደ 20 ናኖሜትር ይወርዳል። ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥራ የወጣው ኦኤንአይ የተባለው ኩባንያ ነው የሚሠራው።

የመሣሪያው ትልቁ ጥቅም ማነሱ ራሱ ነው። በተለመደው አሠራር መስታወትና ሌንሱ ንዝረት በሚከላከል ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ይበተናል፤ የክፍሉ ሙቀት በተለዋወጠ ቁጥር እያንዳንዱ ማቀፊያ በጥቂቱ ይንሸራተታል። እዚህ ግን የብርሃኑ መንገድ አጭር፣ አካሉም አንድ ወጥ ስለሆነ ጠንካራ ተራ ጠረጴዛ ይበቃዋል። ቢሆንም ማሞቂያውን አስቀድማችሁ አብሩት፤ ሙቀቱ እስኪረጋ ፎከሱ ይሸሻል።

ሳጥኑ የኦፕቲክሱን ጣጣ ያቃልላል እንጂ የኬሚስትሪውን አይነካም። ለአሌክሳ 647 (ናሙናው የሚቀለምበት፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቀለም) የሚሆነው በፈር፣ ማለትም ናሙናው የሚነከርበት ፈሳሽ (ፒኤች 8፣ 10% ግሉኮስ፣ ኦክስጅን የሚያስወግዱት ኤንዛይሞች ግሉኮስ ኦክሲዴዝና ካታሌዝ፣ ብልጭታውን የሚያግዘው ኬሚካል ኤምኢኤ ከ10 እስከ 100 ሚሊሞላር) አየር ሲያገኝ አሲድ እየሆነ ይሄዳል፤ ያኔ ብልጭታው ይበላሻል። በየሙከራው አዲስ ቀላቅሉ፣ ገንዳውን እስከ አፉ ሞልታችሁ ክደኑ። ከቨር ስሊፑ (ናሙናው የሚያርፍበት ስስ መስታወት) ቁጥር 1.5፣ ማለትም 170 ማይክሮሜትር ይሁን።

መጀመሪያ በ640 ናኖሜትሩ ቀይ ሌዘር አብዛኛውን ቀለም አጥፉ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ፍሬም (አንዱን ምስል) ከ10 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ቅረጹ። ብልጭታው ሲሳሳ የጠፉትን ሞለኪውሎች መልሶ የሚያበራውን የ405 ናኖሜትር ሌዘር ቀስ በቀስ ጨምሩ። ገና ከጅምሩ ከፍ ካደረጋችሁት ጎረቤታም ሞለኪውሎች አብረው ይበሩና ሶፍትዌሩ እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል፤ ሁለት ማይክሮቲዩቡሎች (በሴል ውስጥ ያሉ ቀጫጭን የፕሮቲን ቱቦዎች) በሚሻገሩበት ቦታ የሌለ እብጠት ይታያችኋል። 10,000 ፍሬም በሁለቱም ቻናል (የቀለም መስመር) ሲቀረጽ ከ10 ጊጋባይት በላይ ስለሚይዝ ዲስክም አስቡበት።

ድክመቱ ግልጽ ነው። የሚያሳየው ስፋት 50 በ80 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ ትልልቅ ሴሎች ከሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ቢገቡ ነው። ቀለሞቹ የሚለቁት ብርሃን በ640 ናኖሜትር ላይ ለሁለቱ ቻናሎች ስለሚከፈል፣ በአንድ ወገን የሚወድቁ ሁለት ቀለሞችን በየተራ መቅረጽ ግድ ነው። ከመስታወቱ ጥቂት ማይክሮሜትር ራቅ ሲሉ ደግሞ የጀርባው ብርሃን ምስሉን ይውጠዋል።

መስታወት ላይ ለበቀሉ ሴሎችና ለባክቴሪያ ያለማመንታት እመክረዋለሁ። ወፍራም ቲሹ ለሚያጠና ግን ስቴድ (ናሙናውን በሌዘር ነጥብ በነጥብ የሚቃኝ ሌላ ዓይነት ሱፐር ሪዞሉሽን ማይክሮስኮፕ) ይሻለዋል። ከመግዛታችሁ በፊት በሻጩ ናሙና ሳይሆን በራሳችሁ ስላይድ አስሞክሩ፤ ካለቀለት ምስል ጋር ጥሬ ፍሬሞቹንም ተቀበሉ።