ባለ 900 ዶላሩ ቡችላ ወይስ ባለ 2,600ው? የጀርመን ሸፐርድ ዳሌ ነገር

“ጀርመን ሸፐርድ ልገዛ ነው፣ ምን ዓይነት ይሻለኛል?” የሚል ስልክ በዚህ ወር ብቻ ሦስቴ ተደውሎልኛል። እዚህ ሜሪላንድ ግቢ ያለው ቤት የገዛ ጓደኛዬ ሁሉ ቀጥሎ የሚያስበው ውሻ ነው። ለሦስቱም የነገርኳቸውን እዚህ ልጻፈው።

እኔ ሁለቱንም ገዝቻለሁ። ነብሮን በ900 ዶላር፣ መብረቅን በ2,600። ዋናው ልዩነት የመብረቅ እናትና አባት ዳሌያቸው ራጅ ተነስቶ ኦፋ ዘንድ መመዝገቡ ነው። ኦፋ ከ1966 ጀምሮ እዚህ አሜሪካ የውሾችን የዳሌ ራጅ እያየ ደረጃ የሚሰጥ ድርጅት ነው። ምርጫዬን ከጠየቃችሁኝ፣ ያለ ማመንታት ባለ 2,600ውን ነው የምላችሁ። ሒሳቡን እዩት።

ነብሮ 8 ወር ሲሞላው ደረጃ ሲወጣ ሁለቱን የኋላ እግሮቹን ገጥሞ እንደ ጥንቸል መዝለል ጀመረ። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ይስቁ ነበር። ቆይቶ ከተኛበት ሲነሳ ማቃሰት መጣ። ራጁ ከነማደንዘዣው 480 ዶላር ወሰደ። የዳሌው ጎድጓዳ ጥልቀት የለውም፤ የጭኑ አጥንት ራስ በደንብ ስለማይገጥም ይንሸራተታል፣ እየተፋተገም መገጣጠሚያውን ይጎዳል። በወር 60 ዶላር የመገጣጠሚያ ክኒን ለ14 ወር ሰጠሁት፣ 840 መሆኑ ነው። ምንም ለውጥ አላየሁም። ሰው ሠራሽ ዳሌ ለአንድ ጎን ብቻ 7,500 ተባልኩ፤ አቅሜ አልፈቀደም። በመጨረሻ በ3,400 ዶላር የባሰበትን ጎን የአጥንቱን ራስ ቆርጠው አወጡለት። ሦስት ሳምንት መሬት ላይ አጠገቡ ተኛሁ። ሌሊት ሲያቃስት መስማት ያማል። በ900 የገዛሁት ውሻ እንዲህ ሆኖ 5,620 ዶላር ወጣበት።

“ወረቀት አለው” ሲሏችሁ የምን ወረቀት ብላችሁ ጠይቁ። ነብሮም ወረቀት ነበረው። ያ ወረቀት ዘሩን እንጂ ዳሌውን አይናገርም። “ሐኪም አይቶታል” ማለትም ራጅ ተነስቷል ማለት አይደለም። የኦፋ ቁጥር ጠይቁ። ለጀርመን ሸፐርድ በጂ ኤስ ይጀምራል። ከተራ ቁጥሩ ቀጥሎ የደረጃው ፊደል አለ፦ ኢ እጅግ ጥሩ፣ ጂ ጥሩ፣ ኤፍ ደህና ነው። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ውሻው ራጅ ሲነሳ የነበረው ዕድሜ በወር ነው። ከ24 ወር በታች ለሆነ ውሻ ቋሚ ቁጥር አይሰጥም። መብረቅን ከመግዛቴ በፊት አንድ ሻጭ የምስክር ወረቀት ፎቶ ላከልኝ። ቁጥሩን ድረ ገጹ ላይ ስፈልገው የሌላ ውሻ ሆኖ ተገኘ። ፍለጋው ነፃ ነው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቁጥሩን ለመስጠት የሚያንገራግር ሻጭ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላው እለፉ።

የወላጆቹ ዳሌ ጥሩ መሆን ሙሉ ዋስትና አይደለም። ችግሩ ከብዙ ጂኖች ስለሚመጣ ጤነኛ የሆነ ውሻም ለልጁ ሊያወርሰው ይችላል። ስለዚህ የአያቶቹንና የእህት ወንድሞቹንም ውጤት ጠይቁ። ፔንሂፕ የሚባለው ራጅ ደግሞ ቡችላው 16 ሳምንት ሲሞላው የመገጣጠሚያውን ልልነት ይለካል። እኔ ለመብረቅ አስነስቼለታለሁ። ያወጣሁበት ገንዘብ አልቆጨኝም።

ቀሪው በእጃችን ነው። አክስቴ መብረቅን ባየችው ቁጥር “ምነው ይሄ ውሻ ከሳ?” ትለኛለች። እኛ ዘንድ ወፍራም ቡችላ ያምራል። ግን በ2002 የታተመ አንድ ጥናት 48 ላብራዶሮችን ዕድሜ ልካቸውን ተከታትሎ ነበር። ከጓደኞቻቸው 25 በመቶ ያነሰ የበሉት የዳሌ ችግራቸው ቀለል ያለ ሆነ፤ ግማሾቹ የሞቱበት ዕድሜም ከ11.2 ወደ 13 ዓመት ረዘመ። ጎኑን ስትዳብሱት የጎድን አጥንቱ በቀላሉ እጃችሁ ላይ መታወቅ አለበት። የወጥ ትርፍራፊ አትስጡት፤ ያወፍረዋል፣ ሽንኩርቱም ለውሻ መርዝ ነው። አጥንቱ ይጠንክር ብላችሁም ካልሲየም አትጨምሩበት። ለትልልቅ ዝርያ ቡችላ የተዘጋጀ ምግብ ይበቃዋል፤ ትርፍ ካልሲየም የአጥንቱን እድገት ያበላሻል። ሦስት ወር እስኪሞላው ደረጃ አታስወጡት። ኖርዌይ ውስጥ በተደረገ ጥናት በዚያ ዕድሜያቸው ደረጃ የሚወጡ ቡችሎች ለዳሌ ችግር ይበልጥ ተጋልጠዋል፤ ለስላሳ መሬት ላይ ያለ ገመድ የሚሮጡት ደግሞ ቀንሶላቸዋል። እኔ ደረጃው ላይ የሕፃን በር ገጠምኩ፣ 35 ዶላር።

ዳሌው የታመመ ውሻ ላላችሁ ደግሞ፦ እባካችሁ ኢቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ከራሳችሁ መድኃኒት አትስጡት። ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳዋል። ለውሻ የተሠራ ማስታገሻ ከሐኪሙ ጠይቁ። ክኒን ልግዛ ካላችሁም ከግሉኮሳሚን የዓሣ ዘይት ይሻላል፣ ማስረጃውም ለእሱ ያደላል። ከሁሉ በፊት ግን ክብደቱን አስቀንሱት። ነብሮ ያለ እርዳታ ከወለሉ መነሳት የጀመረው ከ96 ፓውንድ ወደ 81 ሲወርድ ነው። ለዚያ አንድ ዶላር አላወጣሁም።