ጋል፣ ሲፒኤልዲ ወይስ ኤፍፒጂኤ? በእጅ ለሚሠራ ርካሽ ኮምፒውተር የቱን እንግዛ

በ6502 ወይም በዜድ80 (ሁለቱም የቆዩ ባለ 8 ቢት ፕሮሰሰሮች ናቸው) የራሱን ኮምፒውተር ሊገጣጥም የተነሣ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ፕሮሰሰሩና ሜሞሪው ላይ ነው። ቦርዱን የሚሞሉት ግን «ይህ አድራሻ የራም ነው፣ ያ የሮም ነው» እያሉ የሚለዩት ትንንሽ ቺፖች ናቸው። ሥራቸው ከፋብሪካ በተወሰነ የ74 ተከታታይ ቺፖችም ይሠራል፤ ክፍፍሉን መቀየር ባሰኘ ቁጥር ግን ሽቦ መንቀል ነው። ፕሮግራም በሚደረግ ቺፕ የሚታረመው ቀመሩ ብቻ ነው፤ ጋል፣ ሲፒኤልዲና ኤፍፒጂኤ ከትንሹ ወደ ትልቁ የዚህ ዓይነት ቺፖች ናቸው።

ለመጀመሪያ ኮምፒውተር የእኔ ምርጫ ጋል ነው። 16ቪ8 ባለ 20 ፒን ሆኖ 8 ማክሮሴል (አንድ ውጤት የሚያወጣ የሎጂክ ክፍል) አለው፤ 22ቪ10 ባለ 24 ፒንና 10 ማክሮሴል ነው። ዛሬ ማይክሮቺፕ ኤቲኤፍ በሚል ስም ያመርታቸዋል። በ5 ቮልት ይሠራሉ፣ ያለ ብየዳ በሚገጣጠምበት ብሬድቦርድ ላይም ቀጥታ ይሰካሉ። 32 ኪሎባይት ራም፣ 16 ኪሎባይት ሮም፣ የቀረውን 16 ለግብዓትና ውጤት እንስጥ ብንል ሁለቱ የላይኛ አድራሻ መስመሮች ይበቃሉ። በተረፈው ቦታ የ6502ን የማንበብና የመጻፍ ምልክት የሥራውን ምት ከሚሰጠው ከክሎኩ ጋር አጣምሮ ለራሙ መስጠት ይቻላል።

ጋል የራሱ መጻፊያ ፕሮግራመር ይፈልጋል፤ ብዙዎችን የሚያስፈራቸው ይህ ወጪ ነው። ግን ሮሙንስ በምን ሊጽፉት ነው? ሮም የሚጽፈው መሣሪያ ብዙ ጊዜ ጋልም ይጽፋል፤ ከመግዛት በፊት የሚደግፋቸውን ቺፖች ዝርዝር ማየት ነው። የሚያናድደው ሌላ ነው፦ በአንድ ጋል ውስጥ ያሉት ፍሊፕፍሎፖች (አንዳንድ ቢት የሚያስታውሱ ክፍሎች) ሁሉ የሚታዘዙት ለአንድ ክሎክ ነው። ደግሞም ያለ ሥራ ተቀምጦ እንኳ በአሥሮች የሚቆጠር ሚሊአምፒር ይስባል፤ በስሙ ላይ ኪው ፊደል ያለበት ቆጣቢ ነው።

ጋሎቹ ከሦስት ካለፉ ወደ ሲፒኤልዲ መሄድ ያዋጣል። ኤቲኤፍ 1504 ባለ 64፣ 1508 ባለ 128 ማክሮሴል ናቸው፤ ሁለቱም የ5 ቮልት ዓይነት አላቸው፣ ቦርዱ ላይ እንዳሉ በሚጽፈው የጄታግ ኬብልም ይጻፋሉ። የጄታግ ፒኖቹን ለሌላ ሥራ ካዋሏቸው ግን ኬብሉ ከዚያ ወዲያ ቺፑን አያገኘውም። ሌላው ሲፒኤልዲ፣ ኤክስሲ 9572 ኤክስኤል፣ 72 ማክሮሴል ይዞ በ3.3 ቮልት ይሠራል፤ 5 ቮልት ቢገባበት ይችላል፣ የሚያወጣው ግን ከ3.3 አይበልጥም። ከ74 ተከታታዮቹ ኤችሲቲ የሚባለው ቺፕ ይህን እንደ «አንድ» ያነበዋል። በ5 ቮልት የሚሠራ ኤችሲ የሚባለው ዓይነት ግን 3.5 ቮልት ይጠብቃል፤ አንዳንዴ ሠርቶ አንዳንዴ የሚያቆም ኮምፒውተር የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ቺፕ ሶፍትዌርም አርጅቷል፤ የመጨረሻው አይኤስኢ 14.7 የወጣው በ2013 ነው።

ኤፍፒጂኤ ሌላ ጨዋታ ነው። አይስ40 ኤችኤክስ1ኬ የተባለው ቺፕ 1280 የሎጂክ ሴል ስላለው ፕሮሰሰሩን ራሱን ሊይዝ ይችላል፤ ዮሲስን የመሰሉ ነፃና ክፍት የዲዛይን ሶፍትዌሮችም አሉት። ነገር ግን 5 ቮልት አይችልም፤ 16 የአድራሻና 8 የዳታ መስመር ሁሉ የቮልቴጅ መለወጫ ይፈልጋል፣ ቁጠባውም እዚያው ያልቃል። ቪዲዮ ለማውጣት ወይም የራስን ፕሮሰሰር ለመንደፍ ካልሆነ አልመክርም።

ቺፑን ሲያዙ የፍጥነቱን ቁጥር (ምልክት በቺፑ ለማለፍ የሚፈጅበትን ጊዜ) ይዩ። በ4 ሜጋኸርዝ አንድ ዑደት 250 ናኖሰከንድ ስለሆነ የ15 ናኖሰከንድ ጋል ይበቃል። 65ሲ02ን እስከ 14 ሜጋኸርዝ ለሚያስሮጥ ግን ግማሽ ዑደቱ 36 ናኖሰከንድ አይሞላም፤ ለ7 ወይም ለ10 ናኖሰከንዱ ቺፕ ጭማሪ መክፈል ያኔ ነው።