ጨዋታው ዝናቡ ላይ ቆረጠብኝ፦ ፍላሽ የሚጭንልኝ ሱቅ

የሱቁን ስም አልጽፍም፤ ልጁ ጥፋቱን አምኖ ክሶኛል። ጅማ መርካቶ አካባቢ ነው። በጣም ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሰው ከቆመበት ሦስተኛው ውጭ ዝናብ ይመታዋል።

እኔ ሆቴል ነው የምሠራው። ጠዋት እንግዳ መቀበያ ነኝ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ካሸር። ዕቃ ገዢው የቀረ ቀን ደግሞ ሂርማታ ገበያ ወርጄ ሽንኩርት እመርጣለሁ። ባልደረቦቼ «ሁለገብ» ይሉኛል። ሙገሳ ይሁን ሽሙጥ እስካሁን አልገባኝም። ይህን የሰማ አንድ አሜሪካዊ እንግዳ ግን ሳቀና «አንተማ ቤን ዞብሪስት ነህ» አለኝ።

ቤዝቦል ተጫዋች ነበር። በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) በአንድ የውድድር ዓመት ብቻ፣ ለታምፓ ቤይ፣ ከኳስ ወርዋሪውና ከቀላቢው በስተቀር በሁሉም ቦታ ተሰልፏል። ዱላውን በቀኝም በግራም ይመታበት ነበር። በ2015 ከካንሳስ ሲቲ ጋር ዋንጫ በላ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቺካጎ ከብስ ሄደ። ከብስ ማለት ያኔ ከ1908 ጀምሮ ዋንጫ ያላየ ቡድን ነበር፤ 108 ዓመት!

የ2016ቱን ፍጻሜ፣ ከብስና ክሊቭላንድ የተጋጠሙበትን ሰባተኛና የመጨረሻ ፍልሚያ ሙሉውን ፈለግኩ። የሱቁን ልጅ ጠየቅኩት።

«ቤዝቦል? ፊልም ነው ጋሼ?»

አስረዳሁት። በማግስቱ አውርዶ ጠበቀኝ። 100 ብር ከፈልኩ። ውድ ነው፣ ግን የሱም ዳታ ያልቃል።

ማታ ከፈትኩት። ክሊቭላንድ ከኋላ ተነስቶ ስምንተኛው ኢኒንግ (ዙር) ላይ 6 ለ 6 አደረገ። የመጨረሻው መደበኛ ዙር፣ ዘጠነኛውም እኩል ለእኩል አለቀ፣ እዚያም ዝናብ መጣ። ሜዳውን ሸራ አለበሱት። እኛም ጣሪያ ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ከዚያ ስክሪኑ ጥቁር! መብራት የሄደ መስሎኝ ነበር፤ አምፖሉ ግን ቦግ እንዳለ ነው። ፋይሉ ነው ያለቀው።

በነጋታው ሱቁ በር ላይ ቀድሜው ደረስኩ። ለካ ፍላሼ ፋት 32 ነው፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ልጁ ለሁለት ቆርጦ የመጀመሪያውን ብቻ ጭኖልኛል። «ይቅርታ ጋሼ፣ ወረፋ በዝቶብኝ ነው» አለና ሁለተኛውን ጫነ። 50 ብርም መለሰልኝ፤ አልጠየቅኩትም።

ዝናቡ ለካ 17 ደቂቃ ብቻ ነው ያቆማቸው። በተጨማሪው አሥረኛ ዙር ላይ ክሊቭላንዶች የከብሱን መቺ ሪዞን ሆን ብለው ወደ መጀመሪያው ቤዝ (ሯጮች የሚቆሙበት ማዕዘን) አሳለፉት። ከሱ ይልቅ ከዞብሪስት ጋር መጋጠም መረጡ። ሰውዬው በግራ ቆሞ ኳሷን በሜዳው ግራ በኩል፣ መስመሩን ታክካ እንድታልፍ አደረጋት። ከብስ 7 ለ 6 መራ። ዞብሪስት ሁለተኛው ቤዝ ላይ ቆሞ እንደ ሕፃን ይዘላል። እኔም ተነስቼ ጮህኩ፤ ጎረቤት ግድግዳ መታ። ጨዋታው በከብስ አሸናፊነት 8 ለ 7 አለቀ፣ የፍጻሜው ኮከብም እሱ ሆነ።

ለሱቁ ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። እናንተ ስታስጭኑ ግን ሳትወጡ እዚያው ኮምፒውተር ላይ የፋይሉን መጨረሻ አስከፍቱ።

ትናንት ሳልፍ ልጁ ጠራኝ። «ጋሼ፣ ያ ሰውዬ አሁን የት ነው የሚጫወተው?»

«በ2019 አቁሟል» አልኩት። የ2015ቱን ፍጻሜ ሊጭንልኝ ለቅዳሜ ቀጠረኝ።